ሳነቲ ላይ ለማደር አትቸኩሉ፦ ለሁለት ሰው የመጀመሪያ የባሌ ካምፒንግ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፤ ሁለታችንም ድንኳን ውስጥ አድረን አናውቅም። ታኅሣሥ ላይ ከሐሙስ እስከ እሑድ እረፍት አግኝተናል፣ መኪናም አለን። ባለቤቴ ባሌ ተራሮች ፓርክ ሄደን ሦስቱንም ሌሊት ሳነቲ ላይ ድንኳን ጥለን እንደር ይላል። እኔ ብርድ አልችልም፣ ጅብም እፈራለሁ። ድንኳንና ሁለት ስሊፒንግ ባግ ከጓደኛ ተውሰናል። ያስኬዳል? ምን ይጎድለናል?»

እህቴ፣ ያስኬዳል፤ ሂዱ። ሳነቲ ላይ ግን አትደሩ። ባልሽ ይህን ሲያነብ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ባሌ ላይ ሰው እየመራሁ ድንኳን ስተክልና ስነቅል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጉዞ ሲበላሽ ያየሁባቸው ሌሊቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ነድተው፣ መንገድ ላይ በቅጡ ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሳነቲ ደርሰው በጥድፊያ ድንኳን የተከሉባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ነገሩ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ሳነቲ ደግሞ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ አምባ ነው። እዚያ አንዴ ስትተነፍሺ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው 60 ከመቶን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። የደጋ ሰዎች መሆናችሁ ይጠቅማችኋል፤ ከቆላ እንደመጣ ሰው አትሆኑም። ግን ዋናው ነገር ቀን የወጣችሁበት ሳይሆን ሌሊት የተኛችሁበት ከፍታ ነው። የተለመደው የሕክምና ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታችሁን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ ይላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በመጀመሪያው ሌሊት ሳነቲ ላይ መተኛት ከ1,600 ሜትር በላይ ባንዴ መዝለል ነው።

አንድ ጊዜ እንደ እናንተ አዲስ ተጋቢዎች ይዤ ነበር። ባልየው ስፖርተኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ካላደርን አለ፣ እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት አልነበረብኝም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሚስቱ ጠራችኝ። ስደርስ ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዞታል። ሁለት ጊዜ አስመልሶታል፤ ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋም ብሏል። እሷ ስፖርት የሚባል ሠርታ የማታውቅ ሴት ናት፣ ግን ምንም አልሆነችም። ከፍታ ጉልበተኛና ደካማ አይለይም። ድንኳኑን እንደተተከለ ትተን በመኪና ወደ ጎባ ወረድን። ጎባ ከደረስን በኋላ ራስ ምታቱ እየቀለለው ሄደ፣ ሊነጋ ሲል ዳቦ አምጡልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ ሌሊት ሳነቲ ላይ ማንንም አላሳደርኩም።

ምልክቶቹን ሁለታችሁም እወቋቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ያልተለመደ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ቀለል ያለ ከሆነ ከዚያ በላይ አትውጡ፣ እረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻለ ውረዱ። ሰውየው እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ያኔውኑ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ። የመጀመሪያውን ሌሊት አልኮል አትቅመሱ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም አትውሰዱ፤ ሁለቱም አተነፋፈስን ያዘገያሉ። ለከፍታ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፣ ግን የሚወሰደው ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሮ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ናችሁና ይህንንም ልጨምር፦ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ጉዞውን ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ።

እንግዲህ እኔ ብሆን አራቱን ቀን እንዲህ አደርጋቸዋለሁ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ትወጣላችሁ። በአሰላም በሻሸመኔም ብትሄዱ ዶዶላ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ከዚያ በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ናችሁ። 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ሙሉ ቀን ያዙለት። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ወደ ፓርኩ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ፀጥታውን ጠይቁ፣ ዋዜማውም ላይ ድገሙት፤ ይህን በወሬ አትወስኑት። ዲንሾ ስትደርሱ የመግቢያና የካምፕ ክፍያውን ጽሕፈት ቤቱ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደረሰኙንም ከመኪናው አታውጡት። አስጎብኚ እዚያው ቅጠሩ። ከአካባቢው የወጡ ልጆች ናቸው፣ ቀበሮው ትናንት የት እንደታየ ያውቃሉ። ለሁለት ሰው አስጎብኚ ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ጭጋግ ሲወርድ መንገዱን የሚያገኘው እሱ ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ ታድራላችሁ። ጥዱና ኮሶው መሐል ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ፣ ሎጅም አለ። ድንኳን ውስጥ ብርድ አላስተኛ ካለሽ ሎጁ ቅርብ ነው፤ ለመጀመሪያ ሌሊት ዲንሾን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጠዋት ከድንኳን ስትወጡ ከርከሮ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። የደጋ አጋዘኑም እዚያው ይመጣል። የድሮዋን 10 ሳንቲም ካስታወሳችሁ፣ ላይዋ ላይ ያለው እሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ እዚህ ግን ከድንኳናችሁ በ20 እርምጃ ላይ ቆሞ ጆሮውን እያዞረ ያያችኋል።

ዓርብ ጠዋት በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ትወጣላችሁ። ነዳጅ ከታች ሙሉ፣ ላይ የለም። ቀኑን ሳነቲ ላይ ዋሉ፤ በቀስታ ሂዱ፣ ኩሬዎቹን እዩ፣ ጅብራ የሚባለው ግዙፍ የደጋ ተክል ሥር ቁጭ በሉ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና የሚወጣበት መንገድ አለው። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ካለ ግን እሱን ተዉት፤ ተራራው የትም አይሄድም። ከሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ቁልቁል ወደ ሀረና ጫካ ትወርዳላችሁ። ይህ ቁልቁለት የጉዞው ትልቁ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ራቁቱን ከሆነው አምባ ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ፣ ከእግራችሁ ሥር ደመና አለ፣ ደመናው ውስጥ ገብታችሁ ስትወርዱ መጀመሪያ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ግዙፍ ዛፎች። ሁለተኛዋን ሌሊት ሪራን አልፋችሁ ካቻ በሚባለው የካምፕ ቦታ ታድራላችሁ። ከዲንሾ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንፋሽም እንቅልፍም ይገኛል። ሀረና በበጋም ሊዘንብ ስለሚችል የድንኳኑን የዝናብ ልባስ እንዳትረሱ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ወደ ሳነቲ ትመለሳላችሁ፣ ወደዚህ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ከሰዓት ዲንሾ ገብታችሁ ማታ ጋይሳይ በሚባለው የሣር ሜዳ ላይ አጋዘን ታያላችሁ፣ ሦስተኛዋን ሌሊት እዚያው ታድራላችሁ፣ እሑድ በጠዋት ወደ ቤት። ሳነቲን ሁለት ጊዜ አያችሁ፣ አንድም ጊዜ አልተኛችሁበትም። ባልሽ እዚያ የማደር ፍላጎቱ ካልወጣለት ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ሳምንት ይዛችሁ ኑና በእግር ቀስ በቀስ እየወጣችሁ እደሩበት፤ ያኔ እኔም አልከለክላችሁም።

አሁን ወደ ብርዱ።

ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን ቀን የሰበሰበው ሙቀት ማታ ሽቅብ ያመልጣል። ዲንሾ ዜሮ አካባቢ ይደርሳል። ሳነቲ ግን ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ሲባል ስለሚለብሰው ያስባል፣ ስለሚተኛበት አያስብም። ድንኳን ውስጥ ብርድ የሚገድለው ከታች ነው። ስሊፒንግ ባጉ የሚያሞቀው ውስጡ በያዘው አየር ነው፤ ከጀርባሽ በታች ያለው ክፍል በክብደትሽ ተጨፍልቆ አየሩ ወጥቷል፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መሬት ሙቀትሽን ይጠጣል። ባለቤቴን መጀመሪያ ይዣት ስሄድ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤላት፣ ከሥሯ ግን አንድ ቀጭን ሸራ ብቻ ነበር ያነጠፍኩት። ንጋት ላይ ጥርሷ እየተጋጨ አገኘኋት። ሦስቱን ብርድ ልብስ ከላይ አንስቼ ሁለቱን ከሥሯ ሳነጥፍላት በግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ወሰዳት።

ስለዚህ መኪና ስላላችሁ ከቤት ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ጫኑ። አያምርም፣ ቦታም ይይዛል፣ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ብታወጡ የተሻለ አትገዙም። በአየር የሚነፋውን ፍራሽ ተዉት። ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ስትገላበጡም እየተንቀሳቀሰ ብርዱን ወደ እናንተ ያመጣዋል። ከስፖንጁ በታች ደግሞ እርጥበት የማያሳልፍ ላስቲክ አንጥፉ።

የተዋሳችሁትን ስሊፒንግ ባግ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ምልክቱን አንብቡ። ሁለት ወይም ሦስት የሙቀት ቁጥር ተጽፎበታል። አንቺ የምታይው ኮምፎርት የሚለውን ነው፤ ሴት ልጅ ብርድ ሳይሰማት የምትተኛበት ተብሎ የተለካው እሱ ነው። ሊሚት የሚለው ለወንድ የወጣ ነው፣ ያውም ተኮራምቶ። ኤክስትሪም የሚለው ከሞት ለመትረፍ ነው፣ ለእረፍት አይደለም። ኮምፎርቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። 10 ዲግሪ የሚል ከሆነ ብርድ ልብስና ጋቢ ጨምሩ። ሁለቱ ባጎች ዚፓቸው የሚገጣጠም ከሆነ አንድ አድርጋችሁ መተኛት ትችላላችሁ፣ በደንብ ይሞቃል፤ ችግሩ በሁለታችሁ ትከሻ መሐል የሚቀረው ክፍተት ነው፣ ብርዱ በዚያ ይገባል። እዚያ ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ ጠቅጥቁበት።

ጋቢ ድንኳን ውስጥ እስካለ ድረስ ደስ ይላል፣ ግን ጥጥ መሆኑን አትርሱ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይዝም። ማታ ጋቢ ለብሳችሁ ጤዛ ላይ አትቀመጡ፣ ለመኝታ አቆዩት። ለብሳችሁ የዋላችሁትንም አውልቁ፤ ደረቅ መስሎ ቢታይ እንኳ ላብ ይዟል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ሙሉ ልብስ፣ ሁለት ካልሲና የሱፍ ኮፍያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለይታችሁ ያዙ። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍሉና ክዳኑ በማያፈስ የብረት ኮዳ ሞልታችሁ ካልሲ አልብሱት፣ እግራችሁ ሥር ይሁን። ስሱ የውሃ ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል፣ ያቃጥላችኋል። እኔ ብርድ አልችልም ለሚሉ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ካደረግሁላቸው ሌላው ብዙም አያስቸግረኝም።

ድንኳኑን ግጥም አድርጋችሁ አትዝጉት። ብርድ እንዳይገባ ብሎ መተንፈሻውን የሚደፍን ሰው ጠዋት በገዛ ትንፋሹ ረጥቦ ይነሳል። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ይረጋል፣ ውርጭ ሲሆን አመዳይ ይሆናል፤ ጠዋት ሸራውን በጣትሽ ብትነኪው እንደ ዱቄት ፊትሽ ላይ ይረግፋል።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። «ትንሽ ብቻ፣ ደህና ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» አይሠራም። ገዳዩ ጭሱ ሳይሆን ሽታና ቀለም የሌለው ጋዝ ነው። የሚመጣውም እንደ ድካምና እንደ እንቅልፍ ሆኖ ስለሆነ ሰው ነቅቶ አይወጣም። ቤት ውስጥ ከሰል ጨርሶ ያላጠፉ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ከቤት ይጠባል። የጋዝ ምድጃውም ቢሆን ውጭ ነው የሚለኮሰው።

ስለ እሳት ካነሳሁ አይቀር፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አታንድዱ። አስታ እርጥብ ሆኖ እንኳ ይቀጣጠላል። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ባሌ ላይ የተነሳው ሰደድ እሳት ስንት ጫካ እንደበላ የአካባቢው ሰው አልረሳውም። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን አልቅሰናል፣ እውነቴን ነው። አንድ ያልጠፋ ፍም ያን ሁሉ ሊያበላሸው ይችላል።

ጅብ። ዲንሾ ላይ ማታ ማታ ይጮኻል፣ ትሰሚዋለሽ፣ ልብሽም ይመታል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ራሱ ይረዳል። ጅብ ድንኳን የሚጠጋው የምግብ ሽታ ሲስበው ነው። ስለዚህ ምግብ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቆሻሻ፣ ያልታጠበ ድስት፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ተቆልፎ ያድራል፤ ድንኳን ውስጥ አንድ ብስኩት እንኳ አይደር። ጫማችሁን ውጭ አታሳድሩት፣ ቆዳ ከሆነ ሊወስደው ይችላል። ዚፑን እስከ ታች ዝጉ። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ካስፈለገሽ ባልሽን ቀስቅሺው፣ ሁለታችሁም የግንባር ባትሪ አድርጋችሁ አብራችሁ ውጡ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን በመብራት ቃኙ። ዓይን ካያችሁ ወደ ኋላ ሳትሮጡ ድንኳን ግቡና አስጎብኚውን ጥሩ። እኔ እስከዛሬ በደንብ የተዘጋና ምግብ የሌለበት ድንኳን ጅብ ሲከፍት አላየሁም። ይህን የምልሽ ፍርሃትሽን ላናንቅ አይደለም። የሚፈራ ሰው ዚፑን ይዘጋል፣ ምግቡን ይቆልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ የማይፈራው ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲንሾ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሳነቲ ላይ ደግሞ 87 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ምስርና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ጋዝ ይፈጃል። ሽሮ ይሆናል። ከቤት ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ያዙ፤ የነቢያት ጾም ላይ ስለሚሆን ለምትጾሙ የሚመች ነገር ነው፣ ካልጾማችሁ ቋንጣ ጨምሩበት። ትንሿ የጋዝ ቆርቆሮ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ትዳከማለች፣ ቡቴን ሲቀዘቅዝ ወደ ጋዝነት አይቀየርም። ከመለኮሳችሁ በፊት ጃኬታችሁ ውስጥ ከታችሁ አሙቋት። ውሃ ባይጠማችሁም ጠጡ፤ በዚያ ደረቅ አየር ትንፋሻችሁ ብቻ ብዙ ውሃ ይወስዳል።

ፀሐዩ ደግሞ ብርዱን ያህል አደገኛ ነው። ቀን ሳነቲ ላይ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም፣ ማታ አፍንጫችሁ ሲላጥ ነው የምታውቁት። ኮፍያ፣ መነጽር፣ የፀሐይ ክሬም፣ የከንፈር ቅባት። ቆሻሻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ። ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ሶፍቱን ግን በላስቲክ ይዛችሁት ውጡ።

ድንኳኑን ዛሬ ሳሎን ውስጥ ትከሉት። ስንት ሰው ዲንሾ ላይ በመሸ ሰዓት ካስማ ጎድሎት፣ አንዱ ዘንግ ተሰብሮበት፣ ባልና ሚስት በባትሪ ብርሃን ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። የሁለት ሰው ድንኳን የሚባለው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቦርሳ አይጨምርም። ሦስት ሰው የሚለውን ብታገኙ ይሻላል።

ሁለት ብቻ ስትሆኑ አንድ ሌላ ነገር አለ። ስትራመዱ ቀስ የሚለው ሰው ፊት ይሁን። ፈጣኑ ፊት ከሆነ እየራቀ ይሄዳል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ የኋለኛው ሲደርስ እሱ አርፎ ተነስቷል፣ የደከመው ሰው ደግሞ ሳያርፍ ይቀጥላል። በግማሽ ቀን ውስጥ ኩርፊያ ይመጣል። ከቤት ሳትወጡ ደግሞ ተስማሙ፦ ከሁለታችሁ አንዱ «እንውረድ» ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ትወርዳላችሁ። ከፍታ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው። እንግዳ ነገር የሚያየው አጠገቡ ያለው ነው፤ አንቺ እሱን፣ እሱ አንቺን ተመልከቱ።

አሁን የቅዳሜዋ ንጋት። ባልሽ ሳነቲ ላይ ማደር የፈለገው ቀይ ቀበሮን ለማየት ይመስለኛል፣ ሁሉም ለዚያ ነው የሚመጣው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ላይ ነው። ለዚህ ግን እዚያ መተኛት አያስፈልግም። ቀበሮው የቀን አዳኝ ነው፤ ዋና ምግቡ ትልቁ ፍልፈል ነውና፣ ፍልፈሉም የሚወጣው ቀን ነው። ፍልፈሉ ራሱ ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም አይገኝም። ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ ሰውነቱን ግማሹን እንኳ ሳያወጣ በጥርሱ ዙሪያውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ትንሽ ኮሽታ ከሰማ ጠፋ። ቀበሮው ይህን ያውቃል። አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ይዞ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ መሬት ያዞራል፣ ቀስ ብሎ ያሳርፈዋል፣ ሌላውን ያነሳል። ሆዱን መሬት አስነክቶ ደቂቃዎች ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ ይዘልላል። አብዛኛውን ጊዜ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል።

ኦሮሞው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ከመኪና ሳትወርዱ፣ መንገዱን ሳትለቁ እዩት። አትከተሉት፣ ምግብ አትወርውሩለት። ውሻ ካላችሁ ቤት ይቅር፤ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ባለው ዌብ ሸለቆ ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የሸለቆውን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድንኳኑን ነቅላችሁ ከካቻ ተነሱ። ቁርስ አትሥሩ፣ ሻይ በፔርሙዝ ማታውኑ አዘጋጁ፣ በሶ ይዛችሁ ውጡ። ጫካውን ወጥታችሁ አምባው ጫፍ ላይ ስትደርሱ ፀሐይዋ ገና መሬት ለመሬት ናት፣ አመዳዩ ሣሩ ላይ ነው፣ ጅብራዎቹ ሌሊት ያጠፏቸውን ቅጠሎች ገና አልዘረጉም። ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። ቀበሮዎቹ በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ክልላቸውን ይዞራሉ፣ ብዙ ጊዜ በመንገዱ አጠገብ ያልፋሉ። አንቺ በግራ በኩል እዪ፣ እሱ በቀኝ ይመልከት፣ ሻዩን እየተቀባበላችሁ።